የሚስ ኦሊታ ሁለት ደቂቃ

የሃርሎ ቤንድ ከተማ አዲስ የፖሊስ አዛዥ ሊሾምላት ነው ከተባለ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትታመስ ሰነበተች። ጸጉር ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ዓሣ መጥበሻ ቤቱም ሌላ ወሬ የለውም። ግማሹ ሰው ከትልቅ ከተማ የመጣው ባለ ብዙ ዲግሪ ሰውዬ ይሾም ይላል፤ ግማሹ ደግሞ እዚሁ ወንዙ ዳር ያደገው ምክትል አዛዥ ሮዴል ጌይንስ። ሚስ ኦሊታ ጌይንስ የማን ወገን እንደሆኑ መቼም አይጠየቅም፤ ሮዴልን አምጠው የወለዱት እሳቸው ናቸው።

ልጅየው ግን የከተማው ምክር ቤት ለሹመቱ በሚሰበሰብበት ዕለት ጠዋት ቤታቸው ድረስ ሄዶ ለመናቸው።

«እማዬ፣ ከመጣሽም ቁጭ ብለሽ ስሚ። እናቱ ለፍልፋ አሾመችው እንዳይሉኝ።»

«እኔ ምን አገባኝ? አፌን በመርፌ ሰፍቼ ነው የምመጣው» አሉት።

አላመናቸውም። ማንስ ያምናቸዋል? ሃያ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ፊሽካ እየነፉ ልጆች መንገድ ያሻገሩ ሴት ናቸው። በዚያ መንገድ ፈጠን ብሎ የነዳን ሰው ሁሉ መስኮቱን አስወርደው ልክ ልኩን ነግረውታል፤ ፓስተሩም፣ ሐኪሙም፣ ዛሬ ከንቲባ የሆኑት ወይዘሮም አልቀረላቸውም። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው መኪና ይገሥጻሉ።

ማታ የምክር ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሚስ ኦሊታ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ወጉ የታወቀ ነው፤ መናገር የሚፈልግ ተነሥቶ ስሙንና አድራሻውን ለመዝገብ ይናገራል፣ ሁለት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ሲያልቅበት ጸሐፊዋ ደወል ትመታበታለች። እስካሁን ሃያ ሰው ተናግሯል፣ ሃያ ጊዜ ተደውሏል። በመጨረሻ ጸጉር አስተካካዩ በርት ተነሣ።

«በርት ስታኪ፣ ስድስተኛ መንገድ። ሮዴልን እወደዋለሁ፤ የመጀመሪያ ጸጉሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ግን የዚህ ከተማ ግማሹ አጎቱ፣ ግማሹ አክስቱ ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ! እስቲ ይኼ ልጅ ዘመዱን የቀጣበትን አንድ ቀን ንገሩኝና አፌን ልያዝ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከሰባቱ የምክር ቤት አባላት ሦስቱ «እውነቱን ነው» እየተባባሉ ሲንሾካሾኩ ይታያል። ሮዴል ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። መልስ ነበረው፤ አልተናገረም።

ለምን እንዳልተናገረ ሚስ ኦሊታ ያውቃሉ። ያ በርት የሚጠይቀው ቀን ነበረ። የሚያውቁትም እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። ሁለት ዓመቱ ነው፤ ባቄላ ምድጃ ላይ ጥደው መውጣታቸው ትዝ ብሏቸው በዚያው በትምህርት ቤቱ መንገድ ሲከንፉ የያዛቸው የገዛ ልጃቸው ነበር። «ወልጄ ያሳደግኩህ አይደለሁም ወይ?» ቢሉት «ነሽ፣ እማዬ» ብሎ የቅጣቱን ወረቀት ሰጣቸው። ባቄላውም አረረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚወደውን የኮክ ኬክ ጋግረውለት አያውቁም።

አሁን ቢናገሩ የሃያ ሁለት ዓመት ፊሽካቸው መሳቂያ ሊሆን ነው። ዝም ቢሉ ደግሞ ልጃቸው ባላጠፋው ጥፋት ሹመቱ ሊያመልጠው ነው። እኚህ ሴት በሕይወታቸው ከዚህ የከበደ ዝምታ ገጥሟቸው አያውቅም። በርትን በሆዳቸው እየረገሙ ተነሡ።

ሮዴል ዞር ብሎ አያቸውና ዐይኑን ጨፈነ።

«ኦሊታ ጌይንስ፣ ሜፕል መንገድ፣ ቁጥር ዐሥራ አራት» አሉ ማይክሮፎኑን ይዘው። «ስለ ልጄ ደግነት ልናገር አልመጣሁም። ደግም አይደለም። ዘመዱን የቀጣበት ቀን ንገሩኝ ላልከው፣ በርት፣ እኔን ቀጥቶኛል። በፍጥነት ነድቼ። በትምህርት ቤቱ መንገድ።»

ጸሐፊዋ ደወሉን ረስታ አፏን ከፍታ ቀረች።

ከንቲባዋ ከመነጽራቸው በላይ አጮልቀው አዩአቸው። «በየትኛው መንገድ ነው ያሉት፣ ሚስ ኦሊታ?»

«ሰምተውኛል፣ ክብርት ከንቲባ።»

«ሕጉ በሰዓት ሃያ ማይል ነው። ለመዝገቡ፣ በስንት ነበር የሚነዱት?»

ሚስ ኦሊታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ... ሠላሳ ቢሆን ነው።»

ከፊት ወንበር ሳል ተሰማ። ማታውን ሙሉ ቃል ያልወጣው ሮዴል ቀስ ብሎ ቆመ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«ይቅርታ፣ እማዬ። ለመዝገቡ፣ አርባ ሦስት ነው።»

ሳቁ አዳራሹን ሊያፈርሰው ደረሰ። ከንቲባዋ ጠረጴዛ እየመቱ ሲስቁ መነጽራቸው ወደቀ። ፓስተሩ እንባቸውን ጠረጉ። በርት ስታኪ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ይኸው ያዝኩ!» አለ። ሚስ ኦሊታ ግን አልሳቁም። አፈሩ፣ ተናደዱ፣ ልባቸውም በልጃቸው ኩራት ሊፈነዳ ደረሰ፤ የትኛውን ማስቀደም እንዳለባቸው ግራ ገባቸው።

ድምፅ ሲሰጥ ሰባቱም ለሮዴል ሰጡ።

መኪና ማቆሚያው ጋ በርት መስኮታቸውን አንኳኳ። «መስኮቱን ዝቅ ያድርጉልኝ፣ ሚስ ኦሊታ» አለና ጣቱን አወዛወዘባቸው። «ይኼ የልጆች መንገድ ነው፣ የፈረስ መጋለቢያ አይደለም!»

በፊሽካቸው ዘመን ሲሉት የኖሩት የራሳቸው ቃል ነው። «ጸጉርህን ብቻ ቁረጥ» አሉት፤ ግን ከንፈራቸው አመለጣቸውና ፈገግ አሉ።

ሮዴል ከሰው እጅ ተላቆ እየሮጠ መጣ። «እማዬ፣ ቆይ፣ አብረን ራት እንብላ።»

«አልችልም፣ ሥራ አለብኝ።»

«በዚህ ሰዓት የምን ሥራ ነው?»

ሚስ ኦሊታ መኪናቸውን አስነሡ። «ኮክ ልልጥ ነው» አሉ ፊት ፊታቸውን እያዩ። «እሑድ ባዶ ሆድህን ና።»

ሚስ ኦሊታም በዐሥራ አምስት ማይል እየነዱ፣ ከኋላቸው የተሰለፈውን መኪና ሁሉ እያስጠበቁ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ።