እርጥብ ቆዳ

ሩዜና ባርኔጣዋን ከመስቀያው ስታወርድ ከጓዳ የውሃ ድምፅ ሰማች። ወይ አባዬ! ደግሞ ጀመረው።

አባቷ ቫትስላቭ የጥጃ ቆዳ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ፒፓውን ያጨሳል።

ሥራው ባንጆ ዩክሊሊ መሥራት ነው፤ ይህች ባለ አራት ክር ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ ሆዷ እንደ ከበሮ ቆዳ የለበሰ ነው። ቆዳው እርጥቡን በክቡ እንጨት ላይ ይወጠራል፤ ከዚያ እየደረቀ ሲሄድ ዙሪያውን ያሉት ብሎኖች ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ። ጥለውት ከሄዱ ይጣመማል፤ ሲብስም ይቀደዳል። የሽማግሌው ጣቶች ደግሞ በቁርጥማት ተቆልምመዋል። ስለዚህ ቆዳ በተዘፈዘፈ ቁጥር ሩዜና ታስራ ትውላለች።

በፋሲካ ልሂድ ስትል ዘፈዘፈ። በመከርም ዘፈዘፈ። አሁን አክስቷ ሚልዋኪ ከተማ ልብስ ስፌት ቤት ያስያዘችላት የሥራ ቦታ፣ ዛሬ ካልደረሰች ለሌላ ይሰጣል። ባቡሩ ቀትር ላይ ይነሳል።

"ሰው አዞኝ ነው" አለ አባቷ ሳይጠየቅ።

"ማን?"

"ሰው ነዋ!"

"አባዬ፣ ሠላሳ ሊሞላኝ እኮ ነው።"

"ቆዳው ዕድሜሽን ጠየቀሽ? እርጥብ ሥራ ጥለሽ ልትሄጂ? እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ?"

የሚያንቃትም ይኸው ነበር። እርጥብ ቆዳ ጥላ መሄድ አይሆንላትም፤ እጇ እንቢ ይላታል። ንዴቷ እንባ ሆኖ መጣ። እጅጌዋን ሰብስባ ቆዳውን አወጣች፤ እንጨቱን አለበሰችው፤ የብረት ቀለበቱን ጭና ብሎኖቹን አስገባች።

"ጎሽ፣ የኔ ልጅ!" አለ ሽማግሌው። "በይ ሾርባ ላሙቅልሽ።"

ወደ ምድጃው ዞር ሲል፣ መሣሪያውን ከነእርጥበቱ ብብቷ ስር ሸጉጣ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ውልቅ አለች።

ትራም ማቆሚያው ስትደርስ ከኋላዋ ስሟን ሰማች። አባቷ ሽርጡን እንዳገለደመ፣ ያለ ኮት፣ እያለከለከ ይሮጣል። አለቀልኝ፣ ሰው ፊት ተንበርክኮ ሊያስቀረኝ ነው፣ አለች በሆዷ።

ደርሶ ክንዷን ያዘ። ቆዳውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

"አንቺ ዝንጉ! በምን ልታጠብቂው ነው? በጥርስሽ?"

ከሽርጡ ኪስ የብሎኖቹን ቁልፍ አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠ።

"ባቡሩ ውስጥ ከማሞቂያው ራቂ። ቶሎ ቶሎ እይው" አላት። ክንዷን ግን አልለቀቀም። ትራሙ ደወለ።

"አባዬ፣ ቤት እኮ ሌላ ቁልፍ የለም።"

"ያዘዘኝ ሰውስ አለ እንዴ?" አለና ለቀቃት።