የባለተሳቢው ግራ እግር

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ባለተሳቢው» እያለ የሚጠራው ሰውዬ ሠላሳ አራት ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ከተደረገ በኋላ ግን ግራ እግሩ አልታዘዝ አለው። ይራመዳል፣ ደረጃም ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን መርገጥ ግን አይሆንለትም። ሐኪሙ ይህን የነገረው ወረቀት እየጻፈ፣ ቀና እንኳ ሳይል ነበር። ባለተሳቢው «እሺ» ብሎ ወጣ። ቤት ሲደርስ መንጃ ፈቃዱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ መኪና ሲወራ ተነስቶ ይሄዳል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ስልሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት ሲቀራት መንዳት ልማር ብላ ተነሳች። በመጀመሪያው ቀን ሳቀ። በሁለተኛው ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው «ዕድሜሽን ረሳሽው እንዴ?» አላት።

«አልረሳሁትም። ካንተ በአራት ዓመት አንሳለሁ» አለችውና ትምህርቷን ቀጠለች።

በአውቶማቲክ ተፈትና አለፈች። ወንድ ልጃቸው ለሥራ ራቅ ወዳለ አገር ሲሄድ ትንሿን ግራጫ መኪናውን ለእሷ ተወላት። ባለተሳቢው መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገ።

«ማርሽ የሌላት መኪና» አለ። «ይሄ መንዳት አይባልም፣ መሳፈር ነው።»

ሴት ልጃቸው ከተራራው ሥር ባለችው ከተማ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ሁለቱም ሊጠይቋት ተነሱ። ሚስትየው የሕፃኑን ልብሶች በሻንጣ ጭና ከጨረሰች በኋላ የመኪናዋን በር ይዛ ቆመች።

«ሳትምልልኝ አትገባም።»

«ምን ብዬ ነው የምምለው?»

«ስለ አነዳዴ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ባለፈው መሐል ከተማ ላይ ሰው እያየኝ አስለቅሰኸኛል።»

እውነቷን ነበር፤ ያኔ «ፍሬን! ፍሬን!» እያለ ነፍሷን አውጥቷት ነበር። ማለላትና ገባ።

ሜዳው እስኪያልቅ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ። ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ገደል። ባለተሳቢው እያንዳንዷን ኩርባ እንደ እጁ መዳፍ ያውቃታል። ሚስቱ ግን በዚህ መንገድ ነድታ አታውቅም። ስለፈራችም እግሯን ከፍሬኑ ላይ አላነሳችም። እሱ ጥርሱን ነክሶ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሽታው መጣ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሲሸሸው የኖረው። እሷም ይሸታት ይሆናል ብሎ መስኮቱን ትንሽ ከፈተው። ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም።

«ልናገር?» አላት በመጨረሻ።

«ምለሃል።»

ሁለት ኩርባ አለፉ። አንድ የጭነት መኪና ከታች እያቃሰተ መጥቶ አጠገባቸው አለፈ። ከዚያ የሚስቱ ፊት ተለወጠ።

«አንተ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ፍሬኑ… እግሬ ዝም ብሎ ይገባል። አይዝም። ተናገር አሁን።»

«ነዳጁን አልነካሽም አይደል?»

«አልነካሁም።»

«ጥሩ። መሪውን ብቻ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ። አይዞሽ።»

ድምፁ እሷ የማታውቀው ድምፅ ነበር፤ ቀዝቃዛና ዝግ ያለ። «ማርሽ ቀንሺ» ሊላት ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ቀረ። ይቺ መኪና ምን ማርሽ አላት? ዓይኑ በመሐላቸው ባለው የማርሽ ዘንግ፣ በካምቢዮው ላይ ወደቀ። ከአጠገቡ አንዲት ፊደል፣ ከላይና ከታችዋ ደግሞ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ተጽፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በእጅ ማርሽ መቀየሪያ ነው። አስተማሪው አትንኩት ብሎናል።»

«አንቺ መሪውን ያዢ። ይሄን ለኔ ተይው።»

በግራ እጁ ካምቢዮውን ወደ ጎን ሳበና ወደ መቀነሱ አንዴ ነካው። ከመሪው ፊት ለፊት አራት ቁጥር በራ። ደግሞ ነካው፤ ሦስት። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ከኋላ የጎተታት ያለ ይመስል ያዝ አደረገች። ባለተሳቢው ይህን ድምፅ በእንቅልፉም ቢሆን አይስተውም። ሞተር ጭነቱን ሲይዝ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

መኪናዋን ሁለተኛ ማርሽ ጠየቃት። ጢጥ የሚል ድምፅ ብቻ መለሰች፤ ቁጥሩ ከሦስት አልወረደም።

«ምን ሆነች?» አለች ሚስቱ።

«እምቢ አለች። ፍጥነቱ ገና አልቀነሰም ማለቷ ነው።» ቆም ብሎ «ልክ ናት» አለ። «ፍሬኑን ረገጥ አድርገሽ ልቀቂው። እንደገና። በቃ።»

ሁለተኛ ሲገባ መኪናዋ የሰው እርምጃ ባይሆንም የፈረስ ግልቢያን ተወች። ከኩርባው ማዶ መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ ነበር። እዚያ ጥግ ያዙ፣ የእጅ ፍሬኑን እሱ ሳበው፤ ቆሙ።

ከፊት ጎማዎቹ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ሚስትየው የውሃውን ጠርሙስ ይዛ ልትወርድ ስትል «ውሃ እንዳታስነኪው፤ የጋለው ብረት ይሰነጠቃል። በራሱ ይቀዝቅዝ» አላት። ጠርሙሱን ከፍታ ራሷ ጠጣች። ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

«በል፣ ስድብህን እየጠበቅኩ ነው» አለችው።

«የምሰድብበት አፍ የለኝም። ሽታው ገና ድሮ መጥቶልኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አስምለሽኝ!»

መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ። እሱም ሶፍት ፈልጎ ሲያጣ ከሻንጣው አንድ የሕፃን ጨርቅ አውጥቶ ሰጣት።

ረጋ ስትል «የቀረውን አንተ ንዳ» አለችው። «ግራ እግር አይፈልግም። ፔዳሉ ሁለት ብቻ ነው።»

ባለተሳቢው ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። «ሞክሬያለሁ» አለ። «አንቺ ሱቅ ሳለሽ፣ ግቢ ውስጥ። ይሄ እግር ፍሪሲዮን ያለ መስሎት ተነስቶ ፍሬኑን ረገጠው። ግንባሬ ከመሪው ጋር ተላተመ።»

«ቁም ሳጥን መታኝ ያልከኝ ቀን?»

«አዎ፣ ያን ቀን።»

እሷም ሌላ ነገር አልጠየቀችውም። መኪናዋን የሰደበው ንቆ ሳይሆን አፍሮ እንደነበር ገባት፤ አንጀቷን በላት።

ፍሬኑ ለመቀዝቀዝ አንድ ሰዓት ያህል ወሰደ። ከዚያ እሷ መሪውን፣ እሱ ካምቢዮውን ይዘው በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያሉ ወረዱ። «ወደ ሦስት ላውጣት?» ይላታል። «አውጣት» ትለዋለች። መንገዱ ቀና ባለበት ቦታ ዝቅ ብላ ስታይ፣ እጁ ካምቢዮውን በነካ ቁጥር ግራ እግሩ ቀስ ብሎ ተነስቶ ባዶውን ምንጣፍ ይረግጣል። እሱ አላወቀም። እሷም አልነገረችውም። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ጠራርጋ ወደ መንገዱ መለሰችው።

ልጃቸው ሕፃኑን አባቷ ክንድ ላይ እያስቀመጠች «ምነው ዘገያችሁ አባዬ?» አለችው።

«እናትሽ ጎበዝ ሹፌር ናት፤ አትቸኩልም» አላት። ሚስትየው ሰማች፤ ፊቷን ወደ ሻንጣው አዙራ ልብስ ማጠፍ ጀመረች።

ከተመለሱ በኋላ ሐኪሙን እንደገና ጠየቁት። አውቶማቲክ ከሆነ የሚከለክለው ነገር እንደሌለ ነገራቸው፤ ድሮም አልከለከልኩም አለ። እሁድ እሁድ ጠዋት ከስፖርት ሜዳው ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ መለማመድ ጀመሩ። አሁን አስተማሪዋ እሷ ናት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ካምቢዮውን እንዳይነካ ከለከለችው። ግራ እግሩን ወንበሩ ሥር አጥፎ፣ ሜዳውን እንደ አዲስ ተማሪ ሲዞር ሰነበተ። ሁለት ጊዜ ፍሬኑን በግራው ረግጦ ሁለቱም ወደ ፊት ተወረወሩ። አልሰደበችውም።

በአምስተኛው እሁድ የእጅ ማርሹን ልሞክር አላት። ሞተሩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እግሩ ከወንበሩ ሥር መንቀሳቀስ ጀመረ። ሚስቱ እጇን ዘርግታ ግራ ጉልበቱ ላይ አሳረፈችው፤ ጫን ሳታደርግ።

«አሁን ቀይር» አለችው።

ቀየረ። እግሩ ከእጇ ሥር ትንሽ ተንቀጥቅጦ ተኛ። ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረው ሲጨርሱ እጇን ልታነሳ ስትል «ትንሽ ቆዪ» አላት፤ ደግመው ዞሩ።