መምታት ክልክል ነው

መጀመሪያውኑ ልንገራችሁ፣ ይሄን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ሳምንት ሆነኝ፣ ንዴቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ለክፍሌ ልጆች አውርቼዋለሁ፣ ወፍጮ ቤት ለተሰለፉት ሴቶች አውርቼዋለሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ለማላውቀው ሰውዬ ሳይቀር አውርቼዋለሁ። እናቴ «ወንጌላዊት፣ በቃሽ፣ አፍሽ አይደክመውም?» ትለኛለች። አይደክመውም! እጄም አይደክመውም፣ ይኸው!

አባቴ እንዳላማው ከበሮ ሰሪ ነው። የቤተክርስቲያን ከበሮ። አምበር፣ አስፋልቱ ዳር፣ በሩ ላይ የዋንዛ ግንድ የተጋደመበት ቤት ካያችሁ እሱ ነው ቤታችን። ግንዱን ይፈለፍላል፣ የበሬ ቆዳ ያለብሰዋል፣ በጠፍር ይወጥረዋል። እንዲህ በሦስት ቃል አልኩት እንጂ አንዱ ከበሮ ከወር በላይ ይፈጃል። ቆዳው ሲደርቅ ቤቱ ምን ምን እንደሚል ደግሞ አልነግራችሁም። ጓደኛዬ አይናዲስ አንዴ ልናጠና መጥታ አፍንጫዋን በነጠላ ይዛ ነው ሒሳብ የሰራችው።

እና አባቴ አንድ ህግ አለው፤ ነበረው ልበል። ከበሮ ሳይመታ አይሸጥም። የሚገዛው ደብር መሪጌታ ራሳቸው ይመጣሉ፣ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፣ ትልቁን አፍ ይመታሉ፣ ትንሹን አፍ ይመታሉ፣ ቀስ አድርገው ያዜማሉ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። «ታፍኗል» ካሉት ይወጥራል፣ «ይጮሃል» ካሉት ያላላል። ማንገቻውን እንኳን የሚቆርጠው ከበሮውን በሚያነግተው ዲያቆን ትከሻ ለክቶ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል! እኔ እዛ መሃል ነው ያደግኩት። ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የምመታውም እኔ ነኝ፤ ጉራ አይደለም፣ ጠይቁ።

ታዲያ የዛሬ ሁለት ዓመት ጋሼ መሳፍንት መጣ። ደብረ ማርቆስ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ያ ባለ መስታወቱ ትልቅ ሱቅ የሱ ነው። ምድር ቤቱ ጃንጥላው፣ መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ካባው፤ ላይኛው ፎቅ ደግሞ ኪቦርዱ፣ ማይኩ፣ ሰው የሚያህል ሞንታርቦው። የሌለው ነገር የለም።

«የሰራኸውን ሁሉ እኔ እወስዳለሁ» አለው አባቴን። «ገዢ መጠበቅ ቀረ። ተሸክሞ መዞር ቀረ። ግን ከቤትህ አትሸጥም። ከደንበኞቼም ጋር አታወራም።»

አባቴ እሺ አለ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን እኔም ጨፍሬያለሁ። ገዢ ካልመጣ ከደብር ደብር ከበሮ ተሸክሞ ሲዞር ወገቡን ታሞ ነበራ! ገዢ ያጣው ከበሮ ደግሞ የሚያድረው እኔ አልጋ ስር ነበር። ከዛ በኋላ መሪጌቶች ወደ በራችን ሲመጡ እናቴ «ማርቆስ ሱቅ ሂዱ» ማለት ጀመረች። እነሱም ግራ ገብቷቸው የዋንዛውን ግንድ እያዩ ይሄዳሉ። መደባችን ላይ የሚያዜም ሰው ጠፋ። አባቴም ዓይኑን መጨፈን ተወ። ያኔ አልገባኝም፣ አሁን ነው የገባኝ።

እሺ፣ ወደ ቅዳሜዋ ልምጣ።

ታህሳስ መጨረሻ ነው። ጥምቀት ደርሷል፣ ደብሩ ሁሉ ከበሮ የሚፈልግበት ሰሞን። አባቴ ሦስት ከበሮ ጨርሷል። «እኔም ልሂድ፣ በናትህ አባዬ፣ አንዱን እይዝልሃለሁ» ብዬ ነዘነዝኩት። ቅጥቅጥ አውቶቡስ ላይ ጫንናቸውና ማርቆስ ገባን።

ሱቁ በር ላይ ስንደርስ መስታወቱ ውስጥ አንድ ከበሮ ተሰቅሏል። ቀይ ከፈይ ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ፣ ቆዳው ሳይቀር ያብረቀርቃል። ሥሩ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ልዩ ጥራት»። ሌላ ወረቀት ደግሞ በቀይ፦ «መምታት ክልክል ነው»።

እኔ አንዴ ሳየው አወቅኩት። የዋንዛው ጎን ትንሽ ጎበጥ ያለች ናት፤ ስትፈለፈል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጥራጊውን የጠረግኩት እኔ ነኝ! ሮጬ ገብቼ የከፈዩን ጫፍ ገለጥ አደረግኩት። በጋለ ብረት የተተኮሱ ሦስት ነጥቦች። የአባቴ ምልክት።

«አባዬ! ና እየው! ከአዲስ አበባ መጣሁ ይልልሃል! አምበርን መቼ ነው አዲስ አበባ ያደረጓት?»

«ዝቅ አድርጊው ድምፅሽን» አለኝ። «ወረቀት ነው። ወረቀት ምን ያደርግሻል?»

ምን ያደርገኛል? ያሳርረኛል! ግን ዝም አልኩ። ልብ በሉ፣ ዝም ብዬ ነበር።

በዚህ መሃል አንድ መሪጌታ ገቡ። ነጭ ጥምጥም፣ አቧራ የጠጣ ጋቢ፣ ከኋላቸው በሩን ጎንበስ ብሎ ያለፈ በጣም ረጅም ዲያቆን። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ይባላሉ፣ ከደጀን ወዲያ ማዶ ካለች ደብር ነው የመጡት። እስቲ አስቡት! ከደጀን ማርቆስ ሲመጡ በኛ በር ነው ያለፉት። በራችን ላይ! ግንዱን በመኪና መስኮት እያዩ!

«ያን አውርድልኝማ፣ ልስማው» አሉ የተሰቀለውን እያሳዩ።

ጋሼ መሳፍንት ፈገግ ብሎ ወደ ወረቀቱ ጠቆመ። «አባቴ፣ ማስታወቂያውን ያንብቡት።»

«አንብቤዋለሁ። ሳይመታ እንዴት ይገዛል? እኔ የምገዛው ድምፁን ነው እንጂ ከፈዩን መሰለህ?»

«የገባ ሁሉ ከደበደበው ቆዳው ይጎዳል። ጥራቱን በኔ ይጣሉት፣ ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው።»

«አምበር ላይ አንድ ሰሪ ነበር። የሱን ከበሮ ጎረቤት ደብር ሰምቼው፣ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።»

«እሱማ ትቶታል» አለ ጋሼ መሳፍንት። ዓይኑን አላሸም! «አርጅቷል።»

አርጅቷል! አባቴ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው! ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ከበሮ ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል! መሪጌታው ዞር ብለው አዩት።

«አንተሳ ወንድሜ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?»

ጋሼ መሳፍንት ከመሪጌታው ጀርባ ለአባቴ ዓይኑን አፈጠጠበት። አባቴ መሬት መሬት አየ።

«እኔ ተሸካሚ ነኝ፣ አባቴ» አለ።

ተሸካሚ።

ወይኔ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ጋሼ መሳፍንትማ ጋሼ መሳፍንት ነው፤ አባቴ ግን! እጁ እንደዛ ጠፍር እየሳበ ቆዳው የተላጠ አባቴ፣ ተሸካሚ ነኝ ይበል? ከማን ጋር ልጣላ? ከሁለቱም! እርር ድብን አልኩ። ከዛ ምን እንዳደረግኩ ሳላውቀው ወንበር ላይ ወጥቼ ያን ከበሮ አውርጄዋለሁ።

«አንቺ! አንቺ ልጅ! የማን ናት ይቺ?» ጋሼ መሳፍንት ጮኸ።

ከበሮውን አነገትኩት። ማርቆስ ከተማ በሙሉ እንዲሰማው አድርጌ፣ ባለኝ ጉልበት ትልቁን አፍ መታሁት።

ጠፍ አለ።

እውነቴን ነው። ጠፍ። ባዶ ካርቶን እንደመምታት። ድጋሚ መታሁት፤ ጠፍ። ትንሹን አፍ ሞከርኩት፤ እሱም ጠፍ። አባቴን አሳፈርኩት፣ አለቀልን ብዬ ደርቄ ቀረሁ። ረጅሙ ዲያቆን ሳቁን ለመደበቅ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረ፤ ለሱ ቅርቡ ነዋ!

«ይሄ ነው የአዲስ አበባው?» አሉ መሪጌታው።

የዛን ጊዜ አባቴ የተሸከመውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። መጣ። ከበሮውን ከትከሻዬ አውልቆ ቆዳውን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው። አሸተተው። ከዛ ደግሞ አሸተተው።

«ማነው ቫርኒሽ የቀባው? ድምፁን እኮ ገደለው» አለ።

«እንዲያብረቀርቅ ነዋ። ደንበኛ ይወደዋል። አንተን አይመለከትህም፣ ዕቃህን አስቀምጥና ሂድ።»

«ቆዳዬን ማነው ቫርኒሽ የቀባው?»

አባቴ ሲቆጣ አይጮህም፣ ድምፁ ዝቅ ይላል። እናቴ እንኳን ያ ድምፅ ሲመጣ ወደ ጓዳ ትገባለች። መሪጌታው አንዴ እሱን፣ አንዴ እጁን አዩ። አባቴ ወደሳቸው ዞረ።

«አባቴ፣ ከእጄ ሲወጣ እንዲህ አይልም ነበር።»

ይሄንን ብቻ ነው ያለው። መሪጌታው ግን ገባቸው፤ ራሳቸውን ደጋግመው ነቀነቁ። ጋሼ መሳፍንት ቀላ።

«እንዳላማው፣ ውል አለን! አሁን አንድ ቃል ብትናገር ነገ እዚህ በር እንዳትደርስ። ከልጅህ ጋር አስፋልት ዳር ዘርግታችሁ ሽጡ፣ ማን እንደሚገዛችሁ አያለሁ!»

አባቴ ያመጣናቸውን ሦስቱን አያቸው። «እነዚህንም ትቀባቸዋለህ?»

«የኔ ከሆኑ በኋላ ከፈለግኩ እጠብሳቸዋለሁ!»

አባቴ ጎንበስ አለ፣ አንዱን አነሳ፣ ወጣ። በቃ። እኔም አንዱን ይዤ ተከተልኩት፤ ሦስተኛውን ረጅሙ ዲያቆን ተሸከመው። ከኋላችን መሪጌታው ለጋሼ መሳፍንት «እንዳትጠብሰው ልጄ፣ የበሬ ቆዳ ነው፣ አይበላም» ሲሉት ሰማሁ። በሳቅ ልሞት!

መሪጌታው መናኸሪያው ጥግ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሦስቱንም መቱ። ኧረ ድምፁ! ባጃጆች ቆሙ፣ አንዲት ቲማቲም የምትሸጥ ሴትዮ እልል አለች። አባቴ ከኔ ሃይላንድ ላይ ውሃ ወስዶ መዳፉን አርሶ ቆዳውን ይዳብሳል፣ ጠፍሩን ይስባል፣ ይሰማል። ዓይኑን ጨፍኗል! ከሁለት ዓመት በኋላ!

ከዛ መሪጌታው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ሦስቱም ደህና ናቸው። ለኛ ግን አይደሉም። ደብራችን ገደል አፋፍ ላይ ናት፣ ነፋሱ ድምፅ ይበላል። አፉ ሰፋ ያለ፣ ለዚህ ለረጅሙም የሚሆን ይሻለኛል። ለጥምቀት ይደርሳል?»

ይደርሳል በል! ይደርሳል በል! በሆዴ እየጮህኩ ነው።

«አይደርስም» አለ አባቴ። «ቆዳው አይደርቅም። ለየካቲት ኪዳነ ምህረት ይደርሳል።»

አለቀ፣ ይሄዳሉ አልኩ። መሪጌታው ግን ተነሱና ጋቢያቸውን አራገፉ። «እንግዲያው ለጥምቀት በአሮጌው እንወጣለን። ለኪዳነ ምህረት ቤትህ መጥቼ እመታዋለሁ።» የዲያቆኑን ትከሻ በገመድ ለክተን ተለያየን።

እና ሦስቱንም ከበሮ መልሰን ቅጥቅጥ ላይ ጫንናቸው። አንድም አልተሸጠም። ሱቁም ተዘጋብን። መንገድ ላይ አባቴ «ወንበር ላይ ወጥቶ የሰው ዕቃ ማውረድ ነውር ነው» አለኝ።

«ተሸካሚ ነኝ ማለትስ?» አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። እኔም በሌላው መስኮት አየሁ። ልመታው ሁሉ አምሮኝ ነበር፣ ላቅፈውም አምሮኝ ነበር፣ ሁለቱንም አላደረግኩም።

ከከተማው ወጣ እንዳልን ረዳቱ፣ አንድ ሪዛም ሰውዬ፣ ወንበር ለወንበር እየተጋፋ መጣ።

«ላይ የተጫነው ከበሮ የማን ነው?»

አባቴ ብድግ አለ። «የኔ ነው!» አለ፤ ኧረ ጮኸ፣ አባቴ ጮኸ! «እኔ ነኝ የሰራሁት! እንዳላማው እባላለሁ! አምበር፣ አስፋልቱ ዳር፣ ግንድ ያለበት ቤት! የፈለገ መጥቶ ይመታዋል!»

መኪናው በሙሉ ዞሮ አየው።

«አባት» አለ ረዳቱ፣ «ማን ሰራው አላልኩም። የጭነት ክፈሉ ልል ነው።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬም መጣ፣ ተደባለቀብኝ። አባቴ ከኪሱ አውጥቶ ከፈለ። ግን መልሶ አልተቀመጠም። አምበር እስክንደርስ የላይኛውን ብረት ይዞ እንደቆመ ነበር።

ሦስቱ ከበሮዎች አሁን አልጋዬ ስር ናቸው፣ ይሸታሉ። አይናዲስ ትናንት ማርቆስ ሄዳ ነበር፤ ያ «ከአዲስ አበባ የመጣ» የሚለው ወረቀት መስታወቱ ላይ እንደተለጠፈ ነው አለችኝ። እንደተለጠፈ! ታዲያ እንዴት ይብረድልኝ?