የቆየው ድምፅ ይቅር?

እኔ መመሪያ የማነብ ሰው አይደለሁም። ስልክም ልግዛ ምድጃ፣ ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣው ወረቀት እጄ ላይ አይቆይም፤ ለሮሐ ዕቃ መጠቅለያ ይሆናል። ሮሐ ባለቤቴ ናት። «አንተን እግዜር ሲፈጥርህ መቀመጫ ረስቶብሃል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ቁጭ ካልኩ እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛው አብሮት ይንቀጠቀጣል፣ ማይክሮፎኑም ያንን ተቀብሎ ይቀርጻል።

ቀን ቀን ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። ከሥራ መልስና ቅዳሜ እሑድ ግን ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ ባለው ግቢያችን ጓሮ ክራር እደረድራለሁ፣ እቀርጻለሁ። ማንም አይከፍለኝም፣ ማንም አልለመነኝም፤ አመል ነው። ክፍሉን የሠራልኝ አባቴ ጋሽ ቦጋለ ነው። አናጺ ነበር። የዕቃ ማስቀመጫውን ባዶ አድርጎ በኮምፔንሳቶ ለበጠውና ያረጁ ጋቢዎችን ግድግዳው ላይ ዙሪያውን ቸነከረ። ጎረቤት ቢስቅበት «ድምፅም ብርድ ይመታዋል» አለ እንጂ አልተበሳጨም።

አባቴ ባለፈው ክረምት አረፈ። ድምፁ የቀረልኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከመሞቱ በፊት እኔና አብሮ አደጌ ለሊሳ የሠራነው ዘፈን አለ። እኔ ክራር፣ ለሊሳ ድምፅ። ዘፈኑ እንዳለቀ፣ መቅረጫው ሳይዘጋ፣ በሩ ሲጥጥ ይልና አባቴ «ፊሊሞን! ዝናብ መጣብህ፤ ልብሱን አስገባ!» ይላል። በቃ። ይቺ ናት። እኔ ያኔ እንደ ልማዴ የጆሮ ማዳመጫውን ወርውሬ ወደ ልብሱ ሮጥኩ። ከአባቴ ቃል ቀጥሎ የለሊሳ ሳቅ ይመጣል። ሳቁን ላለመስማት ሁልጊዜ እዚያው ላይ እዘጋዋለሁ።

ለሊሳን የጠላሁት በከንቱ አይደለም። አንድ ግቢ ነው ያደግነው፤ ከአንድ ትሪ በልተናል፤ እናቱ ገበያ ስትውል አባቴ ነበር ትምህርት ቤት የሚያደርሰው፤ ከግቢው የለቀቁት ካደግን በኋላ ነው። አባቴ ሲሞት አገር ምድሩ መጣ። ከእንጦጦ ማዶ በሽምግልና ዕድሜያቸው በእግራቸው የመጡ ነበሩ። ለሊሳ ቀረ። ከቀብር ቀረ፣ ከሰልስት ቀረ፣ ከአርባም ቀረ። እኛ ዘንድ ሰርግ የቀረ ሰው ሰበብ አያጣም፤ ለቅሶ የቀረን ግን ማን ይሰማዋል? የተላላክነውን ሁሉ ከስልኬ ላይ ደመሰስኩ። ሲያልፍ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ።

እንግዲህ የሙት ዓመቱ ደረሰ። ዘመድ ሲሰበሰብ ያቺን የአባቴን ድምፅ ላሰማ አሰብኩ፤ ዘፈኑንም በራሴ ድምፅ ልዘፍነው። ችግሩ ግን አባቴ የገባው በለሊሳ ማይክሮፎን ነው። ለሊሳን ሳወጣው አባቴም አብሮ ይወጣል። በዚህ ስብሰለሰል ሳለሁ ነው የመቅረጫ ፕሮግራሜ አዲስ ቅጂ መውጣቱን የሰማሁት። በአንድ ማይክሮፎን የገቡ ሰዎችን ይለያል አሉ። አንዱን ትጥላለህ፣ ሌላውን ታስቀራለህ። ይህን ስሰማ እንቅልፌ ጠፋ። ኮምፒውተሬ ጠባብ ስለሆነ ቦታ ላስለቅቅ ብዬ አሮጌውን ቅጂ አራገፍኩት፤ ትርፍ የመሰለኝንም ፋይል ሁሉ ጠረግሁ።

አዲሱ አማርኛም ይችላል። «በቋንቋዬ መጣልኝ!» ብዬ ለሮሐ አወጅኩ። አማርኛውን ማን እንደተረጎመው ግን እንጃ። ድምፅ የሚያጠፋው ቁልፍ «ዲዳ» ተብሏል። «ማስተር» የሚባለው ዋናው የድምፅ መቆጣጠሪያ «ጌታ» ሆኗል። «ጌታ በጣም ጮኸ» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ሮሐ አማተበች። የዘፈኑ ምት በሚቆጠርበት ቦታ ደግሞ የእንግሊዝኛውን «ባር» ተርጉሞ «ቡና ቤት አንድ፣ ቡና ቤት ሁለት፣ ቡና ቤት ሦስት» ይላል።

«ይሄ ዘፈን ነው ወይስ የደሞዝ ቀን?» አለች ሮሐ።

«እለምደዋለሁ።»

«ፊል፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውና ቀስ ብለህ ተማረው። ኢንተርኔት ላይ የሚያስተምሩ አሉ አይደል?»

ሞከርኩ። የሚያስተምረው ሰውዬ «ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ዛሬ የምናየው» ብሎ እስኪጨርስ መታገሥ አልቻልኩም። አሳለፍኩት፤ እንደገና አሳለፍኩት፤ መጨረሻው ላይ ደርሶ ሲሰናበት ያዝኩት። እግሬ ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው፤ ሰማዩ ከእንጦጦ በኩል ጠቁሯል፤ መብራት ሊጠፋ ይችላል። የድሮውን ዘፈን ከፈትኩት። መሀል ላይ አንዲት ሳጥን ብቅ አለች።

«የቆየው ድምፅ ይቅር?»

ከሥሯ «አዎ» እና «አይ» አሉ።

ይቅር እንጂ! ለእሱ አይደል እንዴ ይህ ሁሉ መከራ? የቆየው ድምፅ እንዲቀርልኝ አይደል? «አዎ» አልኩ።

ለሊሳ የነበረበት መስመር ነጣ። የክራሬ መስመር አለ፤ ከሥሩ ያለው ግን እንደ ታጠበ ሳህን ባዶ ነው። አጫወትኩት። ክራሬ ብቻውን ዘፈነና ቆመ። በር ሲጥጥ አይልም። አባቴ አይጣራም።

«ቀልብስ» የሚል ቁልፍ አገኘሁ። ተጫንኩት። «የሚቀለበስ ነገር የለም» አለኝ። የዘፈኑን ሌላ ቅጂ ፈለግሁ፤ የለም። የቆሻሻ መጣያውን ከፈትኩ፤ ራሴ ነኝ የጠረግሁት። ሮሐን ስጠራት ድምፄ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፤ እጇ ሊጥ እንደሆነ ሮጣ መጣች።

ነገርኳት። ሳጥኗ ምን እንዳለችም ነገርኳት።

«ይቅር? ብሎህ አዎ አልክ?» አለች። «ሻይ ይቅር? ስልህ አዎ ካልክ ሻይ ታገኛለህ?»

«ልጁ አያቱ ጋ ይቅር ሲባልስ? ልጁ ይጠፋል? አያቱ ጋ አይደል የሚሆነው?»

ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን አይታ ተወችው። «ዘፈኑ ለሊሳ ጋ ይኖራል» አለች ቀስ ብላ።

«አልሄድም።»

«እንግዲህ አትሂድ።»

ቆምኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ቆምኩ። ክፍሉ ጠበበኝ። ከጋቢዎቹ አንዱ ላይ የአባቴን ምስማር አየሁ፤ ጠሟል፤ እሱም እንደኔ ሳይቸኩል አልቀረም። አባቴን ሁለተኛ ጊዜ የገደልኩት መሰለኝ። ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ።

ሽሮ ሜዳ ላይ ታክሲ ነበር፤ ግን እስኪሞላ መጠበቅ አልቻልኩም። የሀበሻ ቀሚስ በተሰቀለባቸው ሱቆች መሀል ሰው እየገፋሁ ሽቅብ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ንግግር አዘጋጀሁ። አልለምነውም። ሰላም እንኳ አልለውም። ፋይሉን ስጠኝ እለዋለሁ፤ እቀበላለሁ፤ እወጣለሁ። ለሊሳ እንጦጦ ማርያም የሚወስደው መንገድ ዳር ፀጉር ቤት አለው። ፊት ለፊቱ ደረስኩና አልፌው ሄድኩ። ተመለስኩና አሁንም አልፌው ሄድኩ። በመጨረሻ ማካፋት ሲጀምር ገባሁ።

ለሊሳ የአንድ ጎረምሳ ፀጉር እየቆረጠ ነበር። በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ። ማሽኑ እጁ ላይ ትንሽ ቆመ። ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ዓምሃ ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ፋይል ፈልጌ ነው» አልኩ።

«ተራህን ጠብቅ» አለ፤ ዞሮ እንኳ አላየኝም።

ደሜ ፈላ። ልወጣ ፈለግሁ፤ ግን አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሽ ዓምሃ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ የቦጋለ ልጅ፣ እግርህን አሳርፋት፤ አግዳሚዋን አስጨነቅሃት» አሉኝ። ጎረምሳው ሲነሳ ደግሞ «እኔ አልቸኩልም፤ ይቅደም» ብለው ተራቸውን ለቀቁልኝ። እምቢ ብል ነውር ነው። ተቀመጥኩ። ለሊሳ ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረው። እኔ፣ ቅዳሴ ላይ እንኳ አንድ ቦታ የማልቆም ሰው፣ እዚያ ወንበር ላይ ታሰርኩ፤ ማሽኑ ጆሮዬ ላይ ነው፣ መነቃነቅ የለም።

«ምን ፋይል?» አለኝ ከኋላዬ።

«ያን ዘፈን። እኔ ጋ ያለው ጠፋ።»

«እንዴት ጠፋ?»

አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ነገርኩት። ሳጥኗን፣ «ይቅር»ን፣ «አዎ»ን። ሳቀ። ያ ሳቅ! ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ሳቅ ጆሮዬ ሥር ፈነዳ። እኔንም ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል ጥርሴን ነከስኩ።

ከዚያ ማሽኑን አጠፋና ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ብዙም አልፈለገም፤ ዘፈኑ ፊት ለፊት ነበር። በፀጉር ቤቱ ድምፅ ማጉያ ለቀቀው። ክራሬ ወጣ፤ ከኋላው የለሊሳ ድምፅ። እንዴት አድርጎ እንደሚዘፍን ረስቼው ነበር፤ ረስቼው ሳይሆን እምቢ ብዬ። ዘፈኑ አለቀ። በሩ ሲጥጥ አለ።

«ፊሊሞን! ዝናብ መጣብህ፤ ልብሱን አስገባ!»

ጋሽ ዓምሃ ከአግዳሚው ተነሱ። «ቦጋለ አይደለም እንዴ?» አሉ፤ ወደ በሩ እያዩ።

እኔ እንደ ልማዴ ለመዝጋት እጄን አነሳሁ። ጨርቁ ያዘኝ። የለሊሳ ሳቅ መጣ፤ የእኔ የሩጫ ኮቴ ራቀ። ከዚያም፣ እኔ አንድም ቀን ያልሰማሁት፣ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«አንተ ደግሞ የት ልትሄድ ነው? በዚህ ዝናብ አትሄድም። እናትህ ጋ እደውላለሁ፤ ለሊሳ እዚሁ ይቅር እላታለሁ። አንተም ልጄ ነህ።»

«እሺ ጋሼ» አለ የያኔው ለሊሳ። ቀረጻው ቆመ።

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ በረታ። አለቀስኩ፤ ጨርቁ እጄን ስለያዘው እንባዬን መጥረግ እንኳ አልቻልኩም። ለሊሳ በፎጣ ጠረገልኝ፤ የራሱን ግን ተወው።

«እስከ ድንኳኑ መጥቼ ነበር» አለ። «እ... ማለቴ፣ ድንኳኑን ሳየው እግሬ እምቢ አለኝ። ጋሼ ሳይኖር እዚያ ግቢ እንዴት ልግባ? ነገ እሄዳለሁ አልኩ። አንዴ ከቀረህ በኋላ ደግሞ ነገ እየከበደ ይሄዳል፤ በየትኛው ፊቴ ልምጣ? ሰበብ የለኝም ፊል። ፈራሁ። በቃ።»

ዓመት ሙሉ ሰበብ ቢያመጣ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ሰበብ የለኝም ለሚል ሰው የሚባለውን ግን አላዘጋጀሁም። ጋሽ ዓምሃ ጋዜጣቸውን ገልብጠው ይዘው ማንበብ ጀመሩ።

ለሊሳ ማሽኑን እንደገና አበራ። ፀጉሬን ጨረሰ። ከዚያ አገጬን በጣቱ ቀና አድርጎ በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ፂሜን አልተላጨሁም። ሐዘን ነው ብዬ ጀመርኩት፤ በኋላ ግን ሐዘኑ የቱ ጋ አልቆ ቂሙ የቱ ጋ እንደጀመረ እኔም አላውቅም።

«ፂሙስ?» አለኝ። «ይቅር?»

በመስተዋቱ ውስጥ ተያየን። ይህን ጊዜ አልቸኮልኩም።

«ይቅር» አልኩት። «ሁሉም ይቅር።»

ይቆይ ወይስ ይነሳ ብሎ አልጠየቀኝም። ማሽኑን ጉንጬ ላይ አሳረፈና ቀስ እያለ ሙልጭ አድርጎ አነሳው። ሲጨርስ በፎጣው ፊቴን ጠረገና ሊያሳየኝ ወደ መስተዋቱ አዞረኝ። ያኔ እጁ ትከሻዬ ላይ ቀረ።

«ጋሼን መሰልክ» አለ።

መስተዋቱን አየሁት። እውነትም አባቴ ነበር። ውጪው ዝናብ ነው፤ ቤት ገመዱ ላይ ልብስ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ኮምፒውተሩም እንደተከፈተ ነው፤ እኔ ግን ከወንበሩ አልተነሳሁም።