የአድማሴ ቦታ

ለአርበኞች ቀን ክፍላችሁን አስጊጡ ተባልን። የስነ ዜጋ መምህራችን ቲቸር አለምነው ከፕላዝማው ቴሌቪዥን ግራና ቀኝ ሁለት የካርቶን ዛፎች ለጠፉ። አያት ቅድመ አያቶቻችንን ስለን ቅርንጫፎቹ ላይ ልንሰቅል ነው። እሳቸውም የራሳቸውን አያቶች ስለው ይዘዋል።

«ግራው የክርስቲያን፣ ቀኙ የሙስሊም» አሉ።

«ለምን ሁለት ሆነ?» አልኩ።

«እንዳይደባለቅ።»

የተደባለቀውማ እዚህ እጄ ላይ ነው! አባቴ አህመዲን፣ አያቴ አድማሴ፣ ቅድመ አያቴ ይማም። ይማምን ከነመቁጠሪያ ሙስበሃው፣ አድማሴን ከነማተቡ ስያቸዋለሁ።

«ሱሀይላ፣ አድማሴን ተይውና ሌሎቹን ቀኙ ላይ ስቀይ» አሉኝ።

«ወላሂ አልተወውም! ጣሊያንን የተዋጋው እኮ እሱ ነው። በዓሉ የማን ሆነና?»

ሲባጎ አንስቼ ከግራው ዛፍ እስከ ቀኙ፣ በፕላዝማው አናት ላይ ወጠርኩና ሦስቱንም አንጠለጠልኳቸው።

«አውርጂ!» ብለው ጮኹ።

«አላወርድም!»

የክፍላችን ልጅ የኋላሸት ከግራው ዛፍ የሰቀላቸውን ሥዕሎች ነቅሎ፣ ደብቆት የነበረውን አንድ ጨምሮ መጣ። «የእኔም ቅድመ አያት ሰይድ ነው፤ አድማሴ ጎን ቦታ ስጪው» አለኝ። ከዚያ ፈርሂያ ተነሳች። ከዚያ ማን እንደቀረ እንጃ። ደወል ሲደወል ዛፎቹ ተራቁተው፣ ሲባጎው ረግቦ ፕላዝማው ፊት ድረስ ወርዶ ነበር።

ቲቸር አለምነው የአያቶቻቸውን ሥዕል ለማንም ሳያሳዩ አጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ አየኋቸው።

«ቦታ አለ፣ ቲቸር» አልኳቸው።