የምናሉ ረጅም ሽጉጥ

ባሌ ምናሉ ሽጉጥ ሊገዛ ሲሄድ ሻጩ አጭር አሳይቶት ነበር። እሱ ግን "ሽጉጥ መታየት አለበት" ብሎ አፈሙዙ ስንዝር የሚያልፍ ሪቮልቨር ይዞ መጣ። ሌባ በዝቷል አለኝ። በሰው አገር፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ምድር ቤት ነው የምንኖረው፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከቤታችን የሚሰረቅ ነገር የለም።

ሽጉጡ መሳቢያ ውስጥ አልገባ አለ። ታጥቆት ታክሲውን ሊነዳ ሲቀመጥ ጎኑን ወጋው። በመጨረሻ አባቱ ጠመንጃቸውን ይሰቅሉ እንደነበረው ሳሎን ግድግዳ ላይ ሚስማር መትቶ ሰቀለው። የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ የመጡ ቀን አፈርኩና ጥይቱን አስወጥቼ ሽጉጡን ኪችን ደበቅኩት።

እዚያ ሥራ አገኘ። ሽንኩርት ባቁላላሁ ቁጥር የጭስ አላርሙ ይጮኻል፤ ወደ ላይ የሚገፋው መስኮት ደግሞ ካልደገፉት ተመልሶ ይወድቃል። ማንኪያ ያጥርበታል፣ መጥረጊያ ይረዝምበታል። ሽጉጡ ልክ ሆነ። ምናሉ አንድ ሳምንት አኮረፈኝ፤ ከዚያ እሱም ሽሮ ሲሠራ መስኮቱን በሽጉጡ መደገፍ ጀመረ።

ቅዳሜ ጠዋት ሽሮውን የሠራው እሱ ነው። በልተን ገበያ ሄድን። ስንመለስ መስኮቱ ተዘግቷል፣ የፊት በሩ ተከፍቷል፣ ሽጉጡ የለም። ሌላ የተነካ ዕቃ አልነበረም።

የመጣው ፖሊስ ሽጉጡ የት ይቀመጥ እንደነበር ጠየቀ። ምናሉ ባዶውን ሚስማር አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

"ለሌባው መስኮት ይዞለት ነበር" አልኩ።