ሁለተኛው ባልዲ

ዱሆ አዲሱን ባልዲ ከመኪናው ኋላ አውጥቶ በጃኬቱ ሸፈነውና ከሀንሶል እናት ግቢ ግንብ ጥግ ወሸቀው። ሀንሶል አላየውም። እሱ ገና ከመኪናው ሳይወርድ አክስቱ ሚሱክ የጎማ ጓንቷን እንዳጠለቀች ሮጣ መጥታ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ነበር።

«የኔ ኮከብ! እስቲ ዞር በልልኝ! ኧረ ከስተሃል፣ ቴሌቪዥኑ ነው እንዴ የሚያወፍርህ?»

«አክስቴ፣ በርበሬ ለቀለቅሽኝ እኮ!»

«ይለቅልቅህ! ታዋቂ ሆንኩ ብለህ ጎመን አላጥብም ልትል ነው?»

ለዱሆ ሰላምታ የደረሰው በስተመጨረሻ ነው። «አንተም መጣህ? ጎሽ፣ ጉልበት ያስፈልገናል» አለችው። እዚህ ቤት የእሱ ስም «ከሀንሶል ጋር ኪራይ የሚጋራው ልጅ» ነው። ሴኡል ውስጥ ሁለት ወንዶች አንድ ቤት ቢከራዩ ኑሮው ተወዶ ነው ይባላል እንጂ ሌላ ነገር ማን ያስባል? አምስት ዓመት ሙሉ የተፋቀሩ ሰዎች መሆናቸውን በዚህ ግቢ ውስጥ አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም።

ለብርዱ ወራት የሚቀመጠው ኪምቺ፣ ያ በድልህ የሚለወሰው ጎመን፣ የሚሠራ ዕለት ሁሉም ባልዲውን ይዞ ይመጣል። አብሮ ይሠራል፣ ባልዲውን ሞልቶ ይሄዳል። ለአንድ ቤት አንድ ባልዲ ነው። ዱሆና ሀንሶልም እስካሁን የሚያመጡት አንድ ነበር። ዘንድሮ ግን ዱሆ የራሱን ገዛ። ኢንቾን ከተማ ለብቻው የሚከራያት አንዲት ክፍል አይቷል፤ ደላላው «እስከ ማታ ካልደወልክልኝ ለሌላ ሰው እሰጣታለሁ» ብሎታል። ሀንሶል ይህን አያውቅም።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በድራማው ነው። ሀንሶል ስንት ዘመን ሙሉ በየድራማው ሬሳ ሆኖ ተኝቷል፣ ወታደር ሆኖ ሮጧል፣ አስተናጋጅ ሆኖ ሾርባ አቅርቧል። ዘንድሮ የሁለት ወንዶችን ፍቅር የሚያሳይ ተከታታይ ድራማ ላይ ዋናውን ቦታ ሰጡት፤ አገሩም አበደለት። መጀመሪያ ላይ ከእናቱም በላይ የፈነደቀው ዱሆ ነበር። ከመነጽር ቤት ሥራው ሲመለስ የሌላኛውን ሰው ቃል እያነበበ ያስጠናው ነበር። «አትሂድብኝ» የምትለውን እንኳ ስንት ጊዜ ተባብለው ስቀውባታል። ከዚያ ያችኑ ቃል የሀንሶል ፍቅረኛ ሆኖ ከሚተውን፣ ሲዩን ከሚባል ረጅም፣ ቆዳው እንደ ወተት የሆነ ልጅ አፍ ሰማት። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ።

ቅናት እንዲህ ነው፤ ምክንያት ስታጣለት ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። ዱሆ በየሳምንቱ ሐሙስ ድራማው ሲታይ ቁጭ ብሎ የሲዩንን እጅ ያያል፤ የት እንዳረፈች፣ ምን ያህል እንደቆየች። «ትወና ነው እኮ» ይለዋል ሀንሶል። ትወና መሆኑንማ ማን አጣው! የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ሲዩን ሴት ጓደኛ ያለችው ሰው ነው፤ ሆኖም በአደባባይ የሀንሶልን እጅ ይዞ ይጨበጨብለታል። ዱሆ ግን ሱቅ አብሮት ሲገባ እንኳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው የሚሄደው።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ጉዱ ወጣ። ድራማው ውስጥ የኪምቺ ቀን ነበር። ሀንሶል ሥጋውን በጎመን ጠቅልሎ ሲዩንን ሊያጎርሰው ሲል ቆም አለ፤ ጥቅሉን ፈታና ከድልሁ ጋር የተለወሰውን ጥሬ የባሕር ዛጎል ሥጋ በጣቱ ጫፍ እየለቀመ አወጣ። ከዚያ አጎረሰው። ዱሆ ከመቀመጫው ተነሳ። የዛጎል ሥጋ የማይስማማው እሱ ነው፤ ከቀመሰ ከንፈሩ ያብጣል። በየዓመቱ በኪምቺ ቀን፣ እዚሁ ግቢ፣ ከጓዳው በር ኋላ ሀንሶል እንደዚያ እየለቀመ የሚያጎርሰው እሱን ነው። ሰው ፊት የማይደረግ፣ የሁለቱ ብቻ የሆነ ነገር ይህ ነበር።

«ሸጥከኝ» አለው።

«ጽሑፉ ላይ የለም። ዳይሬክተሩም አላዘዘኝም። እጄ ነው ያደረገው፣ ሙት!»

«እጅህ ማንን እንደሚያጎርስ አያውቅም ማለት ነዋ!»

ከዚያ ወዲህ ስለ ቆሻሻ ማውጣትና ስለ መታጠቢያ ቤት ካልሆነ አልተነጋገሩም።

አሁን ሴቶቹ ሰፋፊ የጎማ ሳፋዎችን ከበው ተቀምጠዋል። በጨው ያደረውን ጎመን ቅጠል በቅጠል እየገለጡ ቀዩን ድልህ ይቀቡታል። ዱሆ ነጭ ሽንኩርት ያቀብላል። ወሬው ከድራማው ሌላ የለም።

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ አይደለም አልወጣኝም» አለች ጎረቤቷ ቦክጃ፣ አፏ ሥራ የማይፈታ ሴት። «ግን እነዚህ ልጆች ኪራይ አይከፍሉም እንዴ? የካፌ አስተናጋጅ ነኝ ይላል፣ ቤቱ የሚኒስትር ቤት!»

«ዝናቡስ?» አለች ሚሱክ። «ሊታረቁ ሲሉ ዝናብ፣ ሊጣሉ ሲሉ ዝናብ። ገበሬ በሆኑ ይሻል ነበር።»

«ያ ሲዩን የሚሉት ደግሞ ሲያለቅስ በአፉ ነው። ዓይኑ ደረቅ!»

ዱሆ ሳያስበው ፈገግ አለ። ቦክጃን ተነስቶ ሊስማት ምንም አልቀረው።

«ደግነቱ ዝምታቸው ነው» አለች ሚሱክ። «ዝም ብለው ሲተያዩ ጊዜ፣ ባሌን ዓይኑን ካየሁት ስንት ዘመኔ ነው ብዬ ዞር ብዬ አየሁት።»

«እና?»

«ባላየው ይሻለኝ ነበር።»

ሳፋው እስኪነቃነቅ ተሳሳቁ። «ያን የዛጎል ሥጋ ሲለቅምለት ግን!» አለች ቦክጃ ጓንቷን ደረቷ ላይ አድርጋ። «እንዴት እንዳለቀስኩ! እንዲህ የሚያደርግልኝ ወንድ ባገኝ እግሩን አጥቤ እጠጣለት ነበር። ያ ሲዩን ታድሎ!»

ዱሆ የእኔ ነው፣ ሊል ነበር። የእኔ ነው፤ አምስት ክረምት በልቼዋለሁ። ጥርሱን ነክሶ ነጭ ሽንኩርቱን አቀበለ።

ሳፋው ላይ አቀርቅረው የነበሩት የሀንሶል እናት ቀና አሉ። «የድራማው ድክመት እናትየዋ ናት» አሉ።

«ምን አደረገች? ምስኪን!»

«እስከ መጨረሻው ምንም አላወቀችም። ሲነግሯት ብርጭቆ ሰበረች። እናት እንዲህ ናት? ልብሱን የሚያጥበው ማን ነው? የሚበላውንና የማይበላውን ማን ነው የሚያውቀው?» ወደ ጎመናቸው ተመለሱ። «ጸሐፊው እናት የለውም መሰለኝ።»

 በሩ ላይ የመኪና ጡሩምባ ተሰማና ሚሱክ ብድግ አለች።

ሲዩን ነበር። ከድራማው ድርጅት የተላከች ካሜራ የያዘች ልጅ ተከትላው ገባች፤ ሁለቱ ተዋንያን ኪምቺ ሲሠሩ ቀርጻ ለአድናቂዎቻቸው ልታቀርብ ነው። ዱሆ ወደ ሀንሶል ዞረ።

«እዚህም?»

«ልነግርህ ነበር። አኩርፈህ መቼ ትሰማኛለህ፣ ወንድሜ?» አለው ሀንሶል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሲዩን ክፉ ቢሆን ምናለበት! እሱ እቴ፤ ጎንበስ ብሎ ሁሉንም ሰላም አለ፣ ለሀንሶል እናት አንድ ካርቶን የፒር ፍሬ አስረከበ፣ ከዚያ ዱሆን ሁለት እጁን ይዞ ጨበጠው። «ቃሉን የሚያስጠናው አንተ ነህ አይደል? አንተ ባትኖር ይሄ ልጅ አንዲት መስመር አይዝም ነበር!» አለው። ዱሆ የሚጠላበት ቦታ ፈልጎ አጣ፤ በዚህም የባሰ ጠላው።

«ይቅርታ፣ ወንድም» አለችው ባለካሜራዋ። «ቀረጻው ውስጥ እየገባህብኝ ነው። ትንሽ ወደ ኋላ... ትንሽ ደግሞ... እዚያ ጓዳው በር ጋ።»

ጓዳው በር ጋ ቆመ። ከስንት በር እሱን መረጠችለት!

የተቀቀለው ሥጋ እየጨሰ ቀረበ። ሀንሶል ጎመን ዘረጋ፣ ሥጋ አደረገ፣ ጠቀለለና ሲዩንን አጎረሰው። ሚሱክ አጨበጨበች።

«መብራቱ ልክ አልነበረም» አለች ባለካሜራዋ። «አንድ ጊዜ ይደገም?»

«ይደገም እንጂ! አንድማ ያጣላል!» አለች ቦክጃ።

ዱሆ መሬት መሬቱን አየ። አንዱስ ማንን እንዳጣላ በነገራት!

ሀንሶል ሁለተኛውን ጠቀለለ። ሲዩን ግን አፉን ከመክፈት ይልቅ እጁን ያዘውና ጥቅሉን ገለጥ አድርጎ ሳቀ። «ኧረ አሁንም አወጣኸው! እናቴ፣ ፍረዱኝ! እኔ ለዛጎል ሥጋ ነፍሴን ነው የምሰጠው፤ ይሄ ሰውዬ ድራማው ላይ ለቀመብኝ፣ እዚህም ይለቅምብኛል። እጅህ ምን ነክቶታል?»

ሁሉም ሳቁ። ሀንሶል አልሳቀም። እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው፤ ሳህኑ ጠርዝ ላይ የለቀመው የዛጎል ሥጋ ተከምሯል። ጆሮው ቀላ። ከዚያ በሲዩን ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ ጓዳው በር ተመለከተ። ዱሆን ነው የተመለከተው። ዱሆ ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም በራሱ ተናደደ።

«ልማድ ነው፣ ልጄ» አሉ እናትየዋ ለሲዩን። «አንቺም ያንን ካሜራሽን አጥፊና ጓንት አጥልቂ። ሥጋው እየቀዘቀዘ ነው።»

ልጅቱ አጠፋች። ማን እምቢ ይላቸዋል?

በልተው ሲጨርሱ ባልዲ መሙላት ተጀመረ። ሚሱክ ሞላች፣ ቦክጃ ሞላች። እናትየዋ መጥረጊያ ሊያመጡ ወደ ግንቡ ሄዱና ጃኬት በአንድ እጅ፣ ባልዲ በሌላው ይዘው ተመለሱ። የዋጋው ወረቀት እንኳ ገና አልተላጠለትም።

«ይሄ የማነው?»

«የኔ ነው» አለ ዱሆ።

ሀንሶል ባልዲውን አየ። ከዚያ ዱሆን አየ። ፊቱ ላይ ደም የሚባል ነገር አልቀረም። ድራማው ላይ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ቢሆን ኖሮ ቦክጃ ስንት ቀን ባለቀሰች።

እናትየዋ ባልዲውን መሬት አስቀመጡና ዱሆን ወደ ጓዳው ይዘውት ገቡ። ሀንሶልም የድሮውን ባልዲ ይዞ ተከተላቸው። ጓዳው ውስጥ በጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ ሳፋ አለ።

«ይሄ ያለ ዛጎል ሥጋ ነው። በየዓመቱ ለብቻው ለውሼ ባልዲያችሁን የምሞላው ከዚህ ነው» አሉ። «አንተ አይስማማህም። ይሄኛው ግን» ልጃቸውን በአገጫቸው አመለከቱት «ከሕፃንነቱ ጀምሮ የዛጎል ሥጋ የሌለበት ኪምቺ በአፉ አይዞርም ነበር። ያለቅስብኝ ነበር እኮ! ካንተ ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ ግን አንድም ቀን ‹የኔስ?› ብሎኝ አያውቅም።»

«እማዬ፣ ተይ በቃ» አለ ሀንሶል።

«ምን ተይ ትለኛለህ? ባልዲ ነው የምሞላው!» ወደ ዱሆ ዞሩ። «ባልዲው ሁለት ከሆነ ያንተን ከዚህ እሞላለሁ፤ የሱን እንደ ልጅነቱ ከነዛጎል ሥጋው እሞላለታለሁ። አንድ ከሆነ እንደ ወትሮው ነው። እኔ እናት ነኝ፣ የቱም ቢሆን እሞላለሁ። ብቻ ንገረኝ፣ ልጄ። አንድ ነው ሁለት?»

ዱሆ የተጋሩትን ማዕድ ሁሉ አሰበ። ሀንሶል ምንም ሳይጎድለው የሚበላ ይመስለው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀውም። እሱ የሌላውን ሰው እጅ ሲቆጥር ነው የከረመው። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ፤ ደላላው መሆን አለበት። ሀንሶል የድሮውን ባልዲ በሁለት እጁ አቅፎ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። «አትሂድብኝ» የምትለውን ቃል ያስጠናው ዱሆ ነው፤ እንዳልጠፋችበት ያውቃል።

ዱሆ ስልኩን አላነሳም። ከጓዳው ወጣና አዲሱን ባልዲ ካስቀመጡት ቦታ አነሳው። የዋጋውን ወረቀት በጥፍሩ ላጠው። ይዞት ተመለሰና ለእናትየዋ ሰጣቸው።

«የኛ አንድ ነው፣ እማማ» አለ። «ይሄን ለሲዩን ይሙሉለት። ከነዛጎል ሥጋው።»